ምዕራፍ ስድስት፦ የመቀነቱ ቋጠሮ

እናቴ ገንዘብ የምትይዘው በመቀነቷ ጫፍ ነበር። ቦርሳ አልነበራትም፤ ቢኖራትም አታምነውም። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ዘንቢሏን ይዤ እከተላታለሁ። ዋጋ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ ነጋዴው «እሺ እትዬ፣ ይውሰዱት» ካለ በኋላ ሌላ ሥራ ይጀመራል። ከሰው ፈንጠር ትልና ፊቷን አዙራ፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ቋጠሮውን መፍታት ትጀምራለች። ጠበቅ አድርጋ ስለምትቋጥረው በጣት ብቻ እሺ አይልም፤ አንዳንዴ በጥርሷ ትይዘዋለች። ብሮቹ ተጠቅልለው፣ የቅቤ ሽታ ይዘው ይወጣሉ። ትቆጥራለች። መልሳ ትቆጥራለች።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ያልከፈለችባቸውን ቀኖች ነው። ቋጠሮውን እስከ ግማሽ ፈትታ ቆም ትላለች። እጇ እዚያው እንዳለ አንድ ነገር ታስባለች። ከዚያ መልሳ ታጠብቀውና ለነጋዴው «እስቲ ዞሬ ልምጣ» ትለዋለች። ከዞረች አትመለስም።

ልጅ ሳለሁ ይህ ያሳፍረኝ ነበር። የጓደኛዬ እናት ቦርሳቸውን ከፍተው ቶሎ ከፍለው ይሄዳሉ፤ የኔዋ ከጨርቅ ጋር ትታገላለች። ዛሬ፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ የተጻፈ ብዙ ነገር ካነበብኩ በኋላ፣ ያንን በግማሽ የተፈታ ቋጠሮ የሚያህል መሣሪያ አላገኘሁም።

በምዕራፍ ሁለት የወጪ መዝገብ አያያዝን፣ በምዕራፍ አራት ደግሞ ልማድ እንዴት ሥር እንደሚሰድ አይተናል። ሁለቱንም በትጋት የሠሩ ሰዎች አንድ ቅሬታ ይዘውብኝ ይመጣሉ፤ «ገንዘቤ የት እንደሚሄድ አሁን አውቃለሁ። ግን አሁንም ይሄዳል።» እውነታቸውን ነው። መዝገብ የሚነግረን የትናንቱን ነው፤ ዕቅድ የሚያወራው ስለ ነገ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ግን ሁልጊዜ አሁን ነው፤ «አማረኝ» እና «ከፈልኩ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ባለች ጠባብ ቦታ። በዚህ ምዕራፍ ከዚያች ቦታ አንወጣም።

የሚያም ክፍያ

እ.ኤ.አ. በ2001 ድራዘን ፕሬሌክ እና ዳንከን ሲሜስተር የተባሉ ሁለት የኤምአይቲ መምህራን አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ኤምአይቲ ቦስተን አጠገብ ያለ ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። የንግድ ሥራ ተማሪዎችን ሰብስበው የቦስተን ሴልቲክስን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት በጨረታ አቀረቡላቸው። እያንዳንዱ የሚሰጠውን ዋጋ ወረቀት ላይ ጽፎ ያስረክባል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር። ገሚሶቹ «ካሸነፋችሁ የምትከፍሉት በጥሬ ገንዘብ ነው» ተባሉ፤ የቀሩት «በክሬዲት ካርድ ነው» ተባሉ። ትኬቱ ያው፣ ጨዋታው ያው። ካርድ የተባሉት የጻፉት ዋጋ በአማካይ ጥሬ ገንዘብ ከተባሉት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

እነዚህ ሰዎች ሂሳብ ያልገባቸው አልነበሩም፤ ኩባንያ ለመምራት የሚማሩ ናቸው። ዕውቀታቸው አላዳናቸውም። ፕሬሌክ ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከጆርጅ ሎወንስታይን ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ስለ «መክፈል ሕመም» አንስቶ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ገንዘብ ከእጃችን ሲወጣ የሆነ ነገር ቆንጠጥ ያደርገናል። ብር ቆጥረን ስንሰጥ ቁንጥጫው ይሰማናል። ክፍያው ከዓይንና ከእጅ እየራቀ በሄደ ቁጥር ቁንጥጫው ይደነዝዛል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ማደንዘዣ ተወግቶ ምሳ እንደሚበላ ሰው ነን፤ ምላሳችንን መንከሳችን የሚታወቀን ማታ ነው።

ሻጮች ይህን ከኛ ቀድመው ያውቁታል። አማዞን በአንድ ጠቅታ መግዛት የሚያስችለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 በፓተንት አስመዝግቧል። ልብ በሉ፤ የተመዘገበው አዲስ ዕቃ አይደለም። በመፈለግና በመክፈል መካከል ያሉ ጥቂት እርምጃዎች መቅረታቸው ነው። የእናቴን ቋጠሮ ቆርጦ የሚጥል መቀስ በሉት።

እኛም ዘንድ መቀሱ ደርሷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መክፈል የዕለት ኑሮ ሆኗል። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ ገጠር ላለች አክስቴ ገንዘብ ለማድረስ መንገደኛ ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ይህን ማማረር አያምርብንም። ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ትናንት በስልክ የከፈላችሁትን በሙሉ፣ ስልኩን ሳታዩ፣ ከትዝታ ጻፉ። ከዚያ ከመልእክቶቹ ጋር አስተያዩት። እኔ ስሞክረው ከሰባት ክፍያ አራቱን ብቻ አስታወስኩ። ሦስቱን የከፈለው ሌላ ሰው ይመስላል።

ልብ ማለት

ወደ መቀነት እንመለስ ማለቴ አይደለም። መቀነት ባንክ አይደለም። እዚያ የተቋጠረ ብር ወለድ አይወልድም፤ የኑሮ ውድነት እያደር ይሸረሽረዋል፤ መስከረም 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩ ደግሞ ቋጠሮውን ይዞ ባንክ ደጅ መሰለፍ ግድ ነበር። ከቋጠሮው የምንፈልገው ጊዜውን ነው፤ ጣት ሲታገል አእምሮ የሚያገኛትን ያችን ግማሽ ደቂቃ።

ግማሽ ደቂቃዋ ብቻዋን ደግሞ ምንም አትሠራም። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ እናቴም ፈትታ፣ ከፍላ፣ ትሄድ ነበር። ነገር ግን እጇ ሲታገል ልብ ትል ነበር።

በእንግሊዝኛ ማይንድፉልነስ የሚሉትን ነገር ለመተርጎም ጸሐፊዎች «ንቁ አእምሮ»፣ «ንቃተ ኅሊና» እያሉ ሲቸገሩ አያለሁ። ቃሉ ቤታችን ውስጥ ነበር፤ ልብ ማለት። «ልብ አላልኩም» ስንል ዓይናችን አይቷል፣ ጆሯችን ሰምቷል፣ እኛ ግን እዚያ አልነበርንም ማለታችን ነው። ልብ ማለት ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። አሁን በአካላችንና በሐሳባችን ውስጥ የሚሆነውን፣ ለመፍረድ ሳንቸኩል፣ እዚያው ሆኖ ማየት።

ይህን ነገር ወደ ሐኪም ቤት ያስገባው ጆን ካባት-ዚን ነው። እሱም የኤምአይቲ ምሩቅ ነው፤ ዶክትሬቱን የሠራው በሞለኪውላር ባዮሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ለዓመታት ሕመም ያልለቀቃቸውን ሰዎች ሰብስቦ የስምንት ሳምንት ሥልጠና ጀመረ። የሥልጠናው ሥር ያለው በቡድሃ እምነት ተከታዮች ልምምድ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ሃይማኖታዊ መልኩን ትቶ ማንም ሊሠራው በሚችል መንገድ አቀረበው። ከታወቁት መልመጃዎቹ አንዱ በአንዲት የዘቢብ ፍሬ የሚሠራ ነው። ሰልጣኙ ፍሬዋን መዳፉ ላይ አድርጎ መጨማደዷን ያያል፣ ያሸታታል፣ በጣቱ ያገላብጣታል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ አፉ ውስጥ ያስገባታል፣ ቀስ ብሎ ያላምጣታል። ለሚያየው ሰው ቀልድ ይመስላል። ሠርቶ የጨረሰ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ዘቢብ በእፍኝ ሲቅም ኖሮ አንዷን እንኳ ቀምሷት እንደማያውቅ።

ሥልጠናው ለሕመምተኞቹ «ሕመማችሁ ይጠፋል» አላላቸውም። ሕመሙንና ለሕመሙ የሚሰጡትን ምላሽ ነጣጥለው እንዲያዩ ነው ያስተማራቸው። ለገንዘብ የሚያስፈልገን ይኸው መነጠል ነው። ማማር አንድ ነገር ነው፣ መግዛት ሌላ ነገር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚከታተሉ አንድ ይመስሉናል እንጂ።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚሠራውን ሥራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። «ገዛ» የሚለው ግስ በገበያ ውስጥ ዕቃ ይገዛል፤ በቤተ መንግሥት አገር ይገዛል። ራሱን የሚቆጣጠር ሰው «ራሱን ገዛ» ይባላል። ከጉርምስና ዕብደት የተመለሰ ልጅ ደግሞ «ልብ ገዛ» ይባላል። በአንድ ቃል ሸቀጥም፣ ሥልጣንም፣ ብስለትም።

እስኪሰክን

አንድ የደመወዝ ቀን ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ሐሳብ በሰው ፊት ተንቋሸሸ። ማታ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ሱቅ ገባሁና 4,500 ብር የሚያወጣ ጃኬት ገዛሁ። ጃኬት አልቸገረኝም ነበር። ቤት ደርሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ለሁለት ወር አልተቆረጠም። ያን ቀን የገዛሁት ልብስ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው። የገዛሁት ሻጩ ልጅ «ጌታዬ፣ ያምርብዎታል» ያለኝን ነው። 4,500 ብር ለአንድ አረፍተ ነገር።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ማርላት ከመጠጥና ከሌሎች ሱሶች ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎችን ሲረዳ አንድ ነገር ያስተምራቸው ነበር። አምሮት እንደ ባሕር ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። እንቢ ብሎ ከመታገልም እሺ ብሎ ከመሸነፍም ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ላዩ ላይ ሆኖ እስኪወርድ ማየት።

እኔ ባሕር ዳር አላደግኩም፤ ማዕበል ሲባል የሚመጣልኝ የፊልም ነው። ጀበና ግን አውቃለሁ። ቡናው ሲፈላ አንገቱ ድረስ ይወጣል፤ ካልተያዘ እሳቱ ላይ ይገነፍላል። የምታፈላዋ ሴት አትደነግጥም፤ ከእሳቱ አውርዳ ዘንበል አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ያን ጊዜ ቸኩሎ የቀዳ ሰው ዝቃጭ ይጠጣል። እስኪሰክን ይጠበቃል። ቡናውን ማንም አልነካውም፤ እሳቱ ብቻ ቀርቶ ጊዜ ተሰጠው፣ ጥቁሩ ወደ ታች ወረደ፣ ንጹሑ ላይ ቀረ። ረጋ ያለን ሰው «የሰከነ» የምንለው ያለ ነገር አይመስለኝም።

ከዕቃው ፊት ቆመን ስንሰክን የሚወርደው ዝቃጭ ምንድን ነው? አንዳንዴ ድካም። አንዳንዴ ቅናት፤ የባልደረባዬ ስልክ ከኔ ይሻላል። አንዳንዴ መሰልቸት ብቻ። ይህን ለማየት መተከዝ አያስፈልግም። ትንፋሽ አንድ ሁለቴ ሳብ አድርጎ «ይህ አምሮት ከመምጣቱ በፊት ምን ሆኜ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እኔ ያን ማታ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ስብሰባው ነበር፤ ስብሰባን ደግሞ ጃኬት አይጠግነውም።

አንዲት ጎረቤቴ ይህን ወደ ሕግ ቀይራዋለች። ከአንድ ሺህ ብር በላይ የሚወጣበት ነገር ሲያምራት ውሳኔው እስከ በረካ ይቆያል። አቦል ላይ ዕቃው ግድ ይመስላል፤ ቶና ላይ ቡና ጠጪዎቹ ትንሽ ይከራከራሉ፤ በረካ ላይ ብዙውን ጊዜ ወሬው ሌላ ሆኖ ተረስቷል። ካልተረሳ ትገዛዋለች፤ ገዝታም አይቆጫትም።

የሚጾም ሰው ይህን ትምህርት በአካሉ ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ ረኀብ ይመጣል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ሳይበሉም ያልፋል። ረኀብን መስማትና ለረኀብ መታዘዝ የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ሆኖም 55 ቀን ጾሞ አንድም ቀን ልብ ያላለ ሰው ሞልቷል፤ የፋሲካ ዋዜማ የበግ ተራን ያየ ይመሰክራል።

አንድ ሰዓት ስንት ብር ነው?

ቪኪ ሮቢንና ጆ ዶሚንጌዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት የታወቀ መጽሐፍ ያቀረቡት ስሌት አለ፤ እዚህ በኛ ቁጥር ልሥራው። በወር 13,000 ብር ተጣርቶ የሚደርሳት ሠራተኛ እንበል። 26 ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ትሠራለች። በወረቀት ላይ አንድ ሰዓቷ 62 ብር ከሃምሳ ነው። ግን ለታክሲ ሰልፍና ለመንገድ በቀን ሁለት ሰዓት ይሄዳል፤ ስለዚህ ሥራው የሚወስድባት በወር 260 ሰዓት ነው። ለታክሲና ለምሳ ደግሞ በቀን 100 ብር ካወጣች 2,600 ብር ይቀነሳል። የቀረውን 10,400 ብር ለ260 ስናካፍለው አንድ የሕይወቷ ሰዓት 40 ብር ሆነ።

አሁን 3,200 ብር የተለጠፈበትን ጫማ ትየው። 80 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ ሰልፍ እስከ ማታው ግፊያ፣ ስምንት ሙሉ ቀን። ጫማው ስምንት ቀን ያወጣ ይሆናል፤ እግሯን የሚያሳርፍ ከሆነ በእርግጥ ያወጣል። ስሌቱ «አትግዢ» አይልም። የደነዘዘውን ቁንጥጫ ወደ ቦታው ይመልሳል እንጂ። ብር ምን እንደሆነ ሰው ይረሳል፤ የታክሲ ሰልፍ ምን እንደሆነ ግን ማንም አይረሳም።

ይሉኝታ ሲመጣ

ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍት ሰውን ከአንድ መስተዋት ፊት ብቻውን ያቆሙታል፤ እሱና አምሮቱ። እኛ ዘንድ ከገንዘቡ ብዙው የሚወጣው በሌላ በር ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ተዝካር፤ ቡድን ሠርተው የሚመጡ መዋጮ ሰብሳቢዎች። እዚህ ላይ አምሮት የለም፤ ያለው ይሉኝታ ነው። ከዕቃ ፊት መስከን ይቻላል፤ ከሰው ፊት መስከን ይከብዳል፤ ፊቱ ያያችኋል።

ከሁሉ የሚከብደው በስልክ የሚመጣው ነው። ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ማታ ስልኳ ይጠራል። ጣሪያው ሊፈስ ነው፣ ወንድሟ ትምህርት ሊያቋርጥ ነው፣ ከጀርባ ሰው ያለቅሳል። ስልኩ ሳይዘጋ «እልካለሁ» ትላለች። ብዙዎች ለዓመታት ሠርተው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት በአንድ ትልቅ ስህተት ሳይሆን በእንዲህ ያሉ ደርዘን «እልካለሁ»ዎች ነው። እኔ የምመክረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሰማሁ፤ ልየውና ነገ ራሴ እደውላለሁ።» እንቢታ አይደለም። «ዞሬ ልምጣ» ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ በእርግጥ መመለስ አለባችሁ። በማግሥቱ የሚላከው ምናልባት ያው ገንዘብ ይሆናል፤ ልኮ ማዘንና ልኮ መደሰት ግን አንድ አይደሉም።

ዕቁብ ይህንኑ ይሉኝታ ገልብጦ ይጠቀምበታል። ጣይ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚጥለውን ብር የሚያስጥለው ጽኑ ፈቃዱ አይደለም። ጸሐፊው ስሙን ሲጠራ መቅረት ያሳፍራል፤ ዕጣ ደርሶት ሲወስድ የቆመለት ዋስ ዓይን ውስጥ ማየት አለበት። ቋጠሮውን ለሃያ ሰው ሰጥቶ እንደማስያዝ ነው፤ ብቻውን ሊፈታው አይችልም። ልብ ማለት በማይቻልበት ቀን፣ ሲደክም፣ ሲናደድ፣ ሲያፈቅር፣ ልብ ባለበት ቀን ያሠረው ቋጠሮ ይጠብቀዋል።

ቋጠሮው ባዶ ሲሆን

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚቋጠር ነገር ላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ፣ አጥንቷል። ተመራማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ገበሬ የማሰብና የማስተዋል ፈተና ሁለት ጊዜ ሰጡት፤ ከምርት በፊት እጁ ባዶ ሳለ፣ ከምርት በኋላ ገንዘብ ሲያገኝ። ያው ሰው ከምርት በፊት ውጤቱ ዝቅ ይላል። አልሰነፈም፤ ጭንቅላቱ በዕዳና በቀለብ ሂሳብ ተይዟል።

የኛ ገበሬ ነሐሴን፣ የኛ ደመወዝተኛ ደግሞ የወሩን መጨረሻ እንዲህ ያውቀዋል። ጳጉሜ ላይ የልጆች መመዝገቢያ፣ ደብተር፣ የዓመት በዓል ዶሮ በአንድ ላይ ሲመጡ «ትንፋሽህን አዳምጥ» ብሎ መምከር ስድብ ነው። ለዚህ ሰው መድኃኒቱ ገቢ ነው፤ ስለ ገቢ በምዕራፍ ስምንት እንነጋገራለን። ያ እስኪሆን ድረስ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ከባዱን ውሳኔ፣ በተለይ ብድርን፣ በባዶ ሆድና በባዶ ኪስ ቀን አለመወሰን፣ ካልተቻለም ብቻውን አለመወሰን።

እናቴ ዛሬ ስልክ አላት። ባለፈው ዓመት የልጅ ልጇ ገንዘብ መላክና መቀበል አስተማራት፤ ቁጥሮቹን በቃሏ ይዛለች። በበዓል ሰሞን አብሬያት ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት ተመዘነ፣ ዋጋ ተቆረጠ፣ ነጋዴዋ «በስልክ ይላኩልኝ እማማ» አለቻት። እናቴ ፈንጠር አለች፤ ፊቷን አዞረች፤ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ስልኩን መቀነቷ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች።